የቅዳሜው ክሊኒክ

«ትንሽ ይታገሡኝ አቦይ፤ ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል» አለች ሰገነት፣ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ በሽማግሌው ቅልጥም ላይ ጫን አድርጋ እየያዘች።

«እኔስ ተቀምጫለሁ። መታገሥ የከበዳቸው ውጪ የቆሙት ናቸው» አሉ አቦይ ኣብርሃ።

ውጪ የቆሙት በመስኮቱ ይታያሉ። ካፊያው ከባሕሩ በኩል አግድም እየመጣ ይመታቸዋል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ለመጠለል ሁሉም ጀርባቸውን ከእንጨቱ ግድግዳ ጋር አጣብቀዋል። የታሚል እናቶች ልጆቻቸውን በፎጣ ጠቅልለዋል፤ ኤርትራውያኑ ጎረምሶች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተዋል፤ አንድ ኢራናዊ መምህር ጃንጥላውን ለማያውቃት ሴት ዘርግቶ ራሱ ይበሰብሳል። ሰገነት ሰልፉን አንድ ጊዜ አየችና ዓይኗን መለሰች። ርዝመቱን ባየች ቁጥር እጇ እንደሚቸኩል ታውቃለች፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ያሳምማል።

ክፍሉ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ነበር። አሁን የስደተኞች መጠለያ የሆነው ይህ የሆላንድ የባሕር ዳር ሰፈር በሙሉ የተሠራው የሮተርዳምና የዴን ሃግ ልጆች በሐምሌ መጥተው ባሕር እንዲያዩ ነው፤ ግድግዳው ላይ አሁንም የሚስቁ ዓሣዎችና ባለሸራ ጀልባዎች ተሥለዋል። የቴኒሱ ጠረጴዛ አንሶላ ለብሶ የመመርመሪያ አልጋ ሆኗል። ለሞቃቱ ወራት ተብለው የተሠሩት የእንጨት ጎጆዎች ጥርን አይችሉትም፤ ግድግዳቸው ያልባል፣ ፍራሻቸው ይሻግታል። አራት ልጆች ይተኙበት በነበረው ክፍል ስምንትና ዘጠኝ ሰው ይተኛበታል። አንዱ የጀመረው ሳል በሳምንቱ የሁሉም ይሆናል፤ እከኩም እንደዚያው። በየጊዜው ስደተኛ የሞላ አውቶቡስ ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኘውን ግድብ ተሻግሮ ይገባል፤ ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ባዶውን ነው።

«በሉ፣ አለቀ» አለች አዲሱን ፋሻ ጠቅልላ። «እንዳያረጥቡት። ሲተኙም እግርዎን ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።»

«የምተኛው የላይኛው አልጋ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ቢል ጣሪያው ነው።»

ሰገነት መሳቅ አማራት፤ ግን የመሳቂያ ጉልበት አልነበራትም። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ናዝሬት ጋራዥ ሠርተዋል፤ አማርኛቸው የጠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ከኤርትራውያኑ ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር። የእሷ ቋንቋ ለእነሱ መንደራቸውን ያቃጠሉት ወታደሮች ቋንቋ ነው፤ አልፈረደችባቸውም። አንድ ቀን አቦይ ኣብርሃ በሁሉም ፊት ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቁስላቸውን አሳዩዋት፤ «እስቲ ልጄ፣ ይህን እዪልኝ» አሏት በአማርኛ። ከዚያ ወዲህ ሰልፉን የሚያሰልፉትም፣ አማርኛ ለማይሰሙት የሚያስተረጉሙትም እሳቸው ሆኑ።

እሷ ጎንደር ላይ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። ከሀገር የወጣችው በሱዳን በኩል በእግሯ ነው። ሆላንድ ስትገባ የጎንደር ትምህርቷን የሚቀበላት አጣችና እንደ ጀማሪ እንደገና ተማረች፤ አሁን በደቡብ ሮተርዳም ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ተራ ትሠራለች። የዓርብ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ የዶክተር ሆፍስትራ አሮጌ ቮልቮ በር ላይ ይጠብቃታል። ዶክተሩ ዕድሜያቸውን በመርከብ ሐኪምነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው አጭር፣ እጃቸው ግን ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው። ግድቡ እስኪደርሱ ትተኛለች። ግድቡ ላይ ነፋሱ መኪናውን ሲገፋው ትነቃለች። እንዲህ ሆና ስትመላለስ ከዓመት በላይ አለፋት።

«ሰገነት፣ አንዴ ወደዚህ» አሉ ዶክተሩ በሩን ከፈት አድርገው።

ተከትላቸው ዕቃ ማጠቢያዋ ጠባብ ክፍል ገባች። ዶክተር ሆፍስትራ ቡና በወረቀት ኩባያ ሰጧት፤ ለራሳቸው ግን አልቀዱም።

«ረቡዕ ማታ ተሰብስበን ነበር» አሉ። «አንቺ ሥራ ላይ ስለነበርሽ አልመጣሽም። በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ተስማምተናል። ዛሬ የመጨረሻችን ነው።»

«የምን መጨረሻ?»

«የክሊኒኩ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ አንመጣም።» ሰገነት ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እሳቸው ቀጠሉ። «ለሰፈሩ መደበኛ ሐኪም ይመደብ ብለን ባለሥልጣናቱን ስንጠይቅ የሰጡንን መልስ ታስታውሻለሽ? ‹በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ሥራውም መልካም እየሄደ ነው› አሉን። ከሦስት መቶ የሚበልጥ ሰው በሳምንት አንድ ቀን የቴኒስ ጠረጴዛ ላይ እየታከመ መልካም እየሄደ ነው! እኛ እስካለን ድረስ ሌላ ማንም አይመጣም። በሽተኞቹን እየረዳን መስሎን የነበረው፣ የረዳነው ባለሥልጣናቱን ነው።»

ሰገነት መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤቷ፣ መጋረጃው የተዘጋ መኝታ ቤት፣ የባሏ ጀርባ ሙቀት ታየት። ወዲያው ደግሞ እፎይታዋን ዶክተሩ ያዩባት መሰላትና ፊቷን ወደ ኩባያው ደፋች።

«ነግረዋቸዋል?»

«ከሰዓት በኋላ ነው የምንነግራቸው። አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ?»

«ትግርኛ ተናጋሪዎቹም አንቺን ነው የሚሰሙት።»

ይህን እንዳሉ አቦይ ኣብርሃ በሩን አንኳኩ። ሲያነክሱ ሄደው ሲያነክሱ መመለሳቸው ነው፤ ዝናቡ ትከሻቸውን አርሶታል።

«ይቅርታ ልጄ። ከሴቶቹ ጎጆ አንዷ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ለተሃይማኖት፣ ነፍሰ ጡሯ። ሰገነትን ልጥራልሽ ብላት ‹አትጥሯት› ትለኛለች። እኔ ግን ፊቷን አልወደድኩትም።»

ሰገነት ቡናውን አስቀምጣ ወጣች።

የሴቶቹ ጎጆ ውስጥ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ እርጥብ ልብስ ተሰጥቶበታል። ሰገነት በልብሱ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች። ለተሃይማኖት የታችኛው አልጋ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና ተኝታለች። የከረን ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ፖርት ሱዳን ቀርቷል፤ ገንዘብ ሲያገኝ ይከተላታል ተብሎ ነው። ከአጠገቧ ትሕሽ የምትባለው የጎጆ ጓደኛዋ ተቀምጣ እግሯን ታሻሻታለች።

«ለተይ፣ እኔ ነኝ፤ ሰገነት።»

«ማን ጠራሽ? አትጥሯት ብያቸው ነበር እኮ» አለች ለተሃይማኖት ከነጠላው ሥር።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ራሴን። ብርሃኑ ይወጋኛል።»

ሰገነት ነጠላውን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሁለት ስንጥቅ ሆኗል። ጣቶቿ ተነፍተዋል። እግሯን ጫን ብታደርገው ጣቷ የገባበት ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

«ዓይንሽ ፊት የሚታይሽ ነገር አለ?»

«እንደ ብልጭታ። ይመጣል፣ ይጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ለተሃይማኖት ነጠላውን መልሳ ፊቷ ላይ ሳበች። ትሕሽ እሷንም ሰገነትንም ሳታይ፣ «ራሷን ካመማት ሳምንት አልፎታል» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ ነግራሽ ነበር። ኪኒን ሰጥተሻት መጣች።»

ሰገነት አስታወሰች። የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ወደ መድኃኒት ሣጥኑ እንደደፋች፣ «ምንሽን?» ብላ ጠየቀች፤ «ራሴን» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋች፤ አንድ እጅ ተቀበላት። ቀና ብላ አላየችም። ዕድሜዋን ሙሉ ነፍሰ ጡሮችን ስታይ የኖረች ሴት፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ፊቷ ቆማ ራሴን አመመኝ ስትላት ቀና ብላ አላየችም።

«ትሕሽ፣ ዶክተሩን ጥሪልኝ። የደም ግፊት መለኪያውን ይዘው ይምጡ በያቸው።»

ዶክተር ሆፍስትራ መጥተው ለኩ። እንደገና ለኩ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አወጡና ወደ ሰገነት ዞረው፣ «ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሏል» አሉ።

ስልክ ያለው አስተዳዳሪው ቢሮ ብቻ ነው። አስተዳዳሪው ክላሰን ሰፈሩ የልጆች መዝናኛ በነበረ ጊዜም እዚሁ ነበር። ያን ጊዜ የባሕር ላይ ጨዋታ የሚያደራጅ፣ ማታ ማታ አኮርዲዮን የሚጫወት ደስተኛ ሰው ነበር ይባላል። አሁን ጠረጴዛው ላይ የተሰበሩ ማሞቂያዎች ተከምረውበት፣ አንዱን በመፍቻ እየጎረጎረ ነው ያገኙት።

«አምቡላንስ እንፈልጋለን» አሉ ዶክተሩ። «ወደ ሮተርዳም፣ አሁኑኑ።»

«ቅዳሜ እኮ ነው» አለ ክላሰን። «ሰው ወደ ሆስፒታል ለመላክ ስልክ ከመደወሌ በፊት ተረኛውን ኃላፊ ማስፈቀድ አለብኝ። ባለፈው ያን እጁ የተሰበረውን ልጅ ሳላስፈቅድ ልኬ ምን እንዳሉኝ አያውቁም።»

«ኃላፊውን አስፈቅድ። መጀመሪያ ግን አምቡላንሱን።»

ክላሰን ወደ ሰገነት ዞረ። «ያን ያህል ነው?»

«ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ» አለች ሰገነት።

ክላሰን መፍቻውን አስቀመጠ፤ ስልኩን ገፋ አደረገላቸው። ዶክተሩ ሲደውሉ እሱ በመስኮቱ በኩል ሰልፉን ይመለከት ነበር። ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ለልጆች ጨዋታ ነበር» አለ።

አምቡላንሱ ከደሴቲቱ ሌላ ጫፍ እስኪመጣ ዶክተሩ ለተሃይማኖትን መርፌ ወጓት፤ ሰገነት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች። ሲመጣም ዶክተሩ፣ «እኔ ከሰልፉ ጋር እቆያለሁ፤ አንቺ አብረሻት ሂጂ» አሉ። ባይሏትም ለተሃይማኖት የሹራቧን ጫፍ ይዛ አልለቀቀችም።

ግድቡ ላይ ሲደርሱ፣ ሰገነት ሌላ ጊዜ ከእንቅልፏ በምትነቃበት ቦታ፣ ለተሃይማኖት ማንቀጥቀጥ ጀመራት። መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ከዚያ ክንዷ፣ ከዚያ ሁለመናዋ። ሰገነት በጎኗ አስተኛቻት፤ ምላሷን እንዳትነክስ ጠበቀቻት፤ የአምቡላንሱ ሰውዬ መርፌ ወጋት። ሲያልፍላት ሰውነቷ እንደ እርጥብ ልብስ ከበደ። ሰገነት ጆሮዋ ሥር ስሟን ደጋግማ ጠራቻት። ግራና ቀኝ ግራጫ ውሃ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የጠበቀቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። አልጋውን ከጎን እየገፋች እየሄደች ጠየቀች።

«ስንተኛ እርግዝናዋ ነው?»

«የመጀመሪያዋ።»

«በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ስንት ጊዜ ተለክቷል?»

«ዛሬ ብቻ።»

ሐኪሟ እርምጃዋን ሳታቋርጥ ዞር ብላ አየቻት። «ሁይስአርትሷ ማነው?»

በዚህ ሀገር እያንዳንዱ ሰው የእኔ የሚለው የሰፈር ሐኪም አለው፤ ሁይስአርትስ ይሉታል። የሰገነት የራሷ ሁይስአርትስ ከቤቷ ጥግ ያሉት ጠጉረ ነጭ ሴትዮ ናቸው፤ ልጇ ሲያስላት ሮጣ የምትሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

«የላትም» አለች።

«ታዲያ ማነው የሚያያት?»

«እኔ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣ ነርስ ነኝ።»

ሐኪሟ ፊቷን ወደ አልጋው መለሰች። በቁጣ ብታያት ይሻላት ነበር። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ተከፈተ፣ አልጋው ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

ሰገነት በመተላለፊያው ካለ የሕዝብ ስልክ ለባሏ ለአድማሴ ደወለች። አድማሴ ወደብ ላይ ክሬን ያሽከረክራል፤ ቅዳሜ እረፍቱ ነው።

«ዛሬም?» አለ አድማሴ ከነገረችው በኋላ።

«ሌላ ሰው የላትም።»

«እሱማ ማንም ሌላ ሰው የለውም።» ከዚያ ድምፁን አለዘበ። «እህል ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም።»

«ሄደሽ አንድ ነገር ብዪ። ብርነሽ አጠገቤ ናት፤ ልታናግርሽ ትፈልጋለች።»

ልጇ ብርነሽ ስልኩን ተቀብላ፣ በሆላንድኛም በአማርኛም ቀላቅላ፣ «ማማ፣ ዛሬም አትመጪም?» አለቻት። እመጣለሁ አለቻት፤ ሳንቲሙ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳታስበው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጭንቅላቷ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አፏ ተከፍቶ። የቀሰቀሰቻት ያቺው ሐኪም ናት።

«ሴት ልጅ» አለቻት። «ትንሽ ናት፤ ማሞቂያ ውስጥ ገብታለች። ግን በራሷ ትተነፍሳለች። እናቷ ገና ማለፍ ያለባት ሌሊት አላት።»

በማግስቱ እሑድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰገነት ተኝታ፣ ታጥባ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ተመለሰች። ለተሃይማኖት ሌሊቱን አልፋዋለች። እብጠቱ ገና አልጎደለም፤ ዓይኗም አልጠራላትም። እጇን ዘርግታ የሰገነትን ፊት በመዳፏ ዳሰሰችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ልጅሽን አሳዩሽ?»

«በጋሪ ወሰዱኝ። በመስተዋቱ በኩል የሆነች ትንሽ ቀይ ነገር አየሁ። እየተንቀሳቀሰች ነው አሉኝ። እየተንቀሳቀሰች ነው?»

«አሁን አይቻት መጣሁ። አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ትራገጣለች።»

ለተሃይማኖት ፈገግ አለች። ሰገነት አጥሚቱን በማንኪያ አጠጣቻት። ሦስት ጊዜ ልትናገር አስባ ሦስቴ ማንኪያውን ነከረች። በመጨረሻ አስቀመጠችው።

«ለተይ፣ ባለፈው ቅዳሜ ነግረሽኝ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁሽም። ባይሽ ኖሮ እዚህ አትደርሺም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«እንዴት ምን አጠፋሁ? እግርሽን እንኳ አላየሁም።»

«እግሬን ሸፍኜው ነበር» አለች ለተሃይማኖት። «ትሕሽ እግርሽን አሳያት፣ የዓይንሽንም ንገሪያት ብላኝ ነበር። ልነግርሽ ብዬ ነው የገባሁት። ከዚያ አየሁሽ። ዓይንሽ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ነው የመጣችው ብለውናል። እሷ እንዲህ ደክማ እኔ ደግሞ አልጨምርባትም ብዬ ራሴን ብቻ ነገርኩሽ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ከሰልፉ መጨረሻ ያለነው፣ እሷ ቶሎ ትሂድ እንባባላለን።»

ሰገነት ማንኪያውን እንደገና አነሣች። ከዓመት በላይ በየቅዳሜው ሰልፉ እያጠረ ሲሄድ ሥራ የጨረሰች ይመስላት ነበር። የሚያዝኑላት በሽተኞች ሕመማቸውን ይዘውባት ወደየጎጇቸው ይመለሱ እንደነበር አላወቀችም።

«ጠጪ፤ እንዳይቀዘቅዝ» አለች።

ዶክተር ሆፍስትራን ስትወጣ መተላለፊያው ላይ አገኘቻቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሕፃናቱን ክፍል መስተዋት ተደግፈዋል። ያልተላጨው ጢማቸው ነጭ ነው።

«ትላንት ነገርኳቸው» አሉ። «አቦይ ኣብርሃ በሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ ተረጎሙልኝ። ማንም አልተቆጣም። አንድ በአንድ እየመጡ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ይቀለኝ ነበር።»

ከመስተዋቱ ማዶ ሕፃኗ እግሯን ዘረጋች፤ ሰበሰበች።

«መኪና ውስጥ ስመጣ እያሰብኩ ነበር» ቀጠሉ ዶክተሩ። «ትላንት ባንኖር ኖሮ ሞታ ነበር። ስለዚህ ማቆም የለብንም። ደግሞም፣ ከጅምሩ እኛ ባንኖር ኖሮ ወሯን ስትቆጥር የምትታየው ትክክለኛ ሐኪም ዘንድ ነበር። ስለዚህ ማቆም አለብን። እዚህ ላይ እደርስና እንደገና እጀምረዋለሁ።»

«የመጨረሻው ይመስለኛል ትክክሉ» አለች ሰገነት።

ዶክተሩ ዞረው አዩዋት። ትቃወመኛለች ብለው የመጡ ይመስላሉ።

«እንድናቆም ትፈልጊያለሽ?»

«ክሊኒኩን። እኔ እንቅልፍ እያዳፋኝ ኪኒን የማድልበትን።» ቃሉን ፈልጋ ቀጠለች። «ትላንት ሁይስአርትሷ ማነው ብለው ጠየቁኝ። የላትም አልኩ። ደሴቲቱ ላይ ግን ሁይስአርትስ አለ፤ መንደሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። በመኪና ስናልፍ በሩ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። ከእኛ ሰዎች አንዱ እንኳ ሄዶበት ያውቃል?»

«አላውቅም። ሰፈሩ በእኛ የተያዘ ነው ብሎ ያምናል። እኛም ሰው ልከንበት አናውቅም።»

«ይዣቸው ብሄድስ? ከሰፈሩ እስከዚያ በእግር ያስኬዳል። ከመጠበቂያው ክፍል አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ሲጠሯቸው አብሬ ገብቼ እተረጉማለሁ። እኔ ምንም አልሰጥም፤ ኪኒን አልሰጥም፣ ፋሻ አልጠቀልልም።»

«ሐኪሙ አይደሰትም።»

«አይደሰት።»

«የመንደሩም ሰው እንደዚያው። መጠበቂያ ክፍላቸው በታሚሎችና በኤርትራውያን ሲሞላ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይደውላሉ።»

«ይደውሉ» አለች ሰገነት። «እርስዎስ የፈለጉት እንዲደውሉ አይደለም?»

ዶክተር ሆፍስትራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አንድ ጊዜ አዞሩት። ለመሳቅ የቃጣቸው ነገር ከዓይናቸው ሳይወርድ ቀረ። «ቅዳሜ ግን አይሠራም» አሉ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቤቷ ስትደርስ አድማሴ ምሳውን አቆይቶላታል። ብርነሽ ወለሉ ላይ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች። ሰገነት እየበላች ነገረችው፤ ክሊኒኩ መዘጋቱን መጀመሪያ ነገረችው። የአድማሴ ፊት ሲፈታ አየችው።

«ስለዚህ ቅዳሜ ቤት ነሽ» አለ።

«ቅዳሜ ቤት ነኝ።»

«ሦስታችንም አንድ ላይ የምንሆንበት ቀን አገኘን በይኛ።»

«አገኘን። ግን ሰኞ ወደ ደሴቲቱ እሄዳለሁ። በየሳምንቱ።»

ወጥ ሊጨምርላት ያነሣው ማንኪያ እጁ ላይ ቆየ። ሁሉንም ነገረችው፤ ለተሃይማኖት ያለቻትንም ጭምር። አድማሴ አላቋረጣትም። ክሬን ላይ ለብዙ ሰዓት ብቻውን ስለሚቀመጥ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይችላል። ስትጨርስ፣ «ዶክተሩስ በመኪና ይወስዱሻል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከዙይድፕላይን አውቶቡስ አለ።»

«ረጅም ነው እኮ።»

«ረጅም ነው።»

አድማሴ ወደ ልጁ ተመለከተ፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ማን እንደሆነ በልቡ ማስላት እንደጀመረ ገባት። ሳህኗን አንሥቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ።

ሰገነት ስልኩን አነሣች። እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጦሪያውን የሥራ ተራ የምትደለድለው ሴትዮ ቢሮ ነች። ሁልጊዜ የሰው እጥረት አለባት፤ ሰው ሲቀርባት መጀመሪያ የምትደውለው ለሰገነት ነው፣ ሰገነትም እምቢ ብላት አታውቅም።

«ሰኞን የእረፍት ቀኔ አድርጊልኝ» አለቻት። «የዓርቡን ሌሊት እንደያዝኩ እቆያለሁ።»

«ይቻላል» አለች ሴትዮዋ ወረቀት እያገላበጠች። «እንዲያውም ጥሩ ነው፤ የእሑድ ሌሊት ሰው የለኝም። እሑድን ሠርተሽ ሰኞ ጠዋት ትወጫለሽ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነሽ። እንደ ቅዳሜሽ ማለት ነው።»

«አይሆንም። እሑድ ሌሊት አልሠራም።»

«ዛሬ እንኳ? ዛሬ አንዲት ሠራተኛ ታማብኛለች፤ ልደውልልሽ ነበር።»

ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች። እሺ የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ጉሮሮዋ ላይ ደርሳለች።

«ዛሬም አልችልም» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። እተኛለሁ።»

በመስመሩ ማዶ ወረቀቱ እንደገና ተገላበጠ፤ እሺ፣ ተጽፏል አለቻት። ሰገነት ስልኩን ዘጋች። ውጪው ገና ብርሃን ነው፤ ከታች ጎዳናው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። መኝታ ቤት ገብታ መጋረጃውን ሳበች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሰዓቱን ለማለዳው አውቶቡስ ሞላችና ተኛች።